ለገና የጣልኩት ጠጅ፦ ከኅዳር እስከ ጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር 10

ዘንድሮ የገናን ጠጅ ራሴ እጥላለሁ። ሃምሳ ቀን ገደማ አለኝ። ይበቃል።

ምክንያቴ እቴቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ሰማንያን ተሻግረዋል። ዕድሜ ልካቸውን ጠጅ ሲጥሉ ሚዛን ነክተው አያውቁም። ስንት ማር ስላቸው "የሚበቃውን" ይሉኛል። ስንት ቀን ስላቸው "እስኪበስል ነዋ ልጄ!" ይላሉ። የሚያውቀው እጃቸውና አፍንጫቸው ነው። አምና ወገባቸውን አሟቸው ሳይጥሉ ቀሩ፤ ቤታችን ውስጥ ከሳቸው ሌላ ጠጅ መጣል የሚችል አንድም ሰው እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ደነገጥኩ። ስለዚህ ዘንድሮ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዙኛል፣ እኔ እሠራለሁ፣ ያሉኝን ሁሉ በሚዛንና በቀን እየለካሁ እዚህ እጽፋለሁ።

ጠጁ ለመጠጣት ብቻ አይደለም። የእቴቴ ዶሮ ወጥ ያለ ጠጅ አይሠራም። በዚያ ላይ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ አንድ ጠርሙስ ኮኛክ አለ፣ ከሰፈር ግሮሰሪ የገዛሁት ተራ ብራንዲም አለ። ብራንዲውን ድስት ውስጥ ሞክሬ ከጠጁ ጋር ማወዳደር እፈልጋለሁ።

ኅዳር 11

ማር ገዛሁ። 6 ኪሎ፣ ጥሬ፣ ከነሰፈፉ፣ ከጎጃም የመጣ። ወቅቱ ጥሩ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው ካበበ በኋላ የሚቆረጠው ማር አሁን ነው ገበያ የሚገባው።

አንዱ ጣሳ ውስጥ ያለው ማር ረግቶ ነበር። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ "ይሄ ስኳር የገባበት ነው፣ አትግዛ" አለችኝ። ለኔ አስባ ነው የተናገረችው፣ ግን ማር መርጋቱ ብቻውን ስኳር ገብቶበታል አያሰኝም። ንጹህ ማርም ይረጋል፣ አንዳንዱ እንዲያውም ቶሎ ይረጋል። የረጋውንም ገዛሁት። እቤት ስደርስ እቴቴ ጣታቸውን አስገብተው አሸተቱትና "የአበባ ነው" አሉ። አለቀ።

ጌሾውንም ያዝኩ። ቅጠሉ ለጠላ ነው፣ ለጠጅ እንጨቱ ይበልጣል አሉ እቴቴ። ቅጠሉ ሲበዛ ጠጁን ያጠቁረዋል፣ ምሬቱም ሻካራ ይሆናል ብለው ነው። ተከትፎ የደረቀ የጌሾ እንጨት ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። አሸተትኩት፣ ሻጋታ የለውም። ይሄን ማየት ግዴታ ነው። ሻጋታ የነካው ጌሾ ያንን ሁሉ ማር ገደል ይከተዋል።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሚካኤል

ዛሬ ከተማው በሙሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የገባው ያ የኅዳር በሽታ ስንቱን ከፈጀ በኋላ፣ በየዓመቱ በዚህ ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይታጠናል። እኛም እንስራ አጠንን። ቀኑን እቴቴ ናቸው የመረጡት። "ሁሉም ሲያጥን እኛስ?" አሉ።

እንስራውን መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል አጠብኩት። ቅጠሉን ከውሃ ጋር አስገብቶ ውስጡን በእጅ እያሹ ማጠብ ነው፣ ውሃው አረንጓዴ እስኪሆን፣ ከዚያ አፍስሶ እንደገና። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ሲደርቅ የወይራ እንጨት ፍም ላይ አድርጌ፣ ነበልባል ሳይሆን ጭስ ብቻ ሲሆን፣ እንስራውን ገልብጬ አፉን በጭሱ ላይ ደፋሁት። 20 ደቂቃ። ሳነሳው ከውስጡ የወጣው ጠረን ልጅነቴን መለሰው። የእቴቴ ጓዳ ጠረን ነው። እስከ ዛሬ የጠጁ ጠረን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የወይራው ነው።

ባለ 5 ሊትሩን የመስታወት ጠርሙስ ግን በፈላ ውሃ ብቻ አጠብኩት። ልዩነቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ኅዳር 13፣ ጠጁ ተጣለ

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ከሁሉ በላይ ልጽፈው የፈለግኩት ነገር ይሄ ነው።

ጠጅ የሚጥል ሰው ሁሉ "አንድ ማር ለሦስት ውሃ" ይላል። እሺ። አንድ ምን? እቴቴ በጣሳ ነው የሚለኩት። አንድ ጣሳ ማር፣ ሦስት ጣሳ ውሃ። ከተማ ያደግነው ግን ማር በኪሎ፣ ውሃ በሊትር ነው የምናስበው። አንድ ኪሎ ማር፣ ሦስት ሊትር ውሃ። ሁለቱ አንድ አይደሉም! ማር ከውሃ ይከብዳል። አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በኪሎ የጣለ ሰው በጣሳ ከጣለው ሰው ይልቅ የቀጠነ ብርዝ ነው የሚያገኘው፤ በጣሳ ሲለካ ከአንድ ለአራት በላይ ይሄዳል። ስንት ሰው "የእናቴን ልኬት ይዤ ጣልኩ፣ ግን የሷን አልሆን አለኝ" ሲል ሰምቻለሁ። ልኬቱን አልያዘም፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የያዘው።

ስለዚህ ሁለቱንም ጣልኩ።

እንስራው ውስጥ የእቴቴ ልኬት፦ 3 ሊትር ማር በጣሳ ተለክቶ፣ ስመዝነው 4.2 ኪሎ፣ ከ9 ሊትር ውሃ ጋር። ጠርሙሱ ውስጥ የከተማው ልኬት፦ 1 ኪሎ ማር ከ3 ሊትር ውሃ ጋር።

ውሃውን ትናንት ማታ አፍልቼ አሳድሬዋለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ እርሾውን ያደክምብናል። ማሩን ግን እሳት አላስነካሁትም። እቴቴ "ማር ከተቀቀለ ምን ቀረው፣ ስኳር ግዛ" አሉ። ልክ ናቸው፣ የአበባው ጠረን በሙቀት ነው የሚሄደው። ብርዙን በእጄ በጠበጥኩ። ሰፈፉ ጣቶቼ መካከል እየለሰለሰ፣ ማሩ ከሰሙ እየተላቀቀ፣ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሰፈፉን አላወጣሁም። ሦስት ቀን አብሮ ይቆያል።

እርሾ አልጨመርኩም። ጥሬው ማር ራሱ ይዞት ይመጣል፣ ጌሾውም የራሱን ያመጣል። ማር እንዳለ ሲቀመጥ ውሃው በጣም ትንሽ ስለሆነ እርሾው ተኝቶ ይኖራል፣ ለዚህ ነው ማር ዓመታት ሳይበላሽ የሚቆየው። ውሃ ስትጨምርለት ይነቃል።

የእንስራውን አፍ በንጹህ ነጠላ አሰርኩ። የጠርሙሱ አፍ ላይ ደግሞ በመርፌ አንድ ጊዜ የበሳሁት ፊኛ አጠለቅኩ፣ ጋዙ ይወጣል፣ ዝንብ አይገባም። እንስራው አፉ ድረስ አልሞላም። ሲገነፍል ቦታ ይፈልጋል።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ከዚህ በኋላ እስከ ገና እቴቴ ምላሳቸው ላይ ጠብታ አያደርጉም። በአፍንጫ ብቻ ነው የሚፈርዱት። እኔ ቀምሼ እተፋለሁ ብያቸዋለሁ። ዝም አሉኝ።

ጠጁ ምንም የለውም። ፊኛው እንደተኛ ነው።

ኅዳር 16

ምንም የለም። ሌሊቱ ይበርዳል። በኅዳር የአዲስ አበባ ሌሊት ለጠጅ አይመችም፣ እርሾ ሙቀት ይወዳል። እንስራውን ከጓዳ አውጥቼ ወጥ ቤት ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ማታ ማታ ጋቢ አለብሰዋለሁ።

ኅዳር 17

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነጠላውን ስፈታ ጩኸት ሰማሁ። ጆሮዬን ወደ እንስራው አፍ አስጠጋሁ። ሽሽሽ ይላል፣ ዝናብ ገና ሲጀምር ቆርቆሮ ላይ እንደሚያሰማው ድምፅ። ሰፈፉ ላይ ወጥቶ ወፍራም ድፍን ሆኗል፣ በስንጥቁ መካከል ነጫጭ አረፋ ብቅ ይልና ይፈነዳል። እቴቴ በትራቸውን ይዘው እስኪመጡ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። "ተነሳ" አሉ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ሰፈፉን በማንኪያ እየገፈፍኩ አወጣሁ። ሰሙን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፣ ለጧፍ ይሆናል።

ኅዳር 18፣ ጌሾ ገባ

የጌሾ እንጨት ለእንስራው ሦስት የእቴቴ እፍኝ። እፍኛቸውን ሚዛን ላይ አፈሰስኩት፣ 210 ግራም። ለጠርሙሱ 65 ግራም። ከራሱ ከብርዙ ጥቂት ቀድቼ ጌሾውን በሱ ቀቀልኩት፣ 15 ደቂቃ ገደማ። በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ከነእንጨቱ መለስኩት። ትኩሱን ብትከተው የተነሳውን እርሾ ትገድለዋለህ። እቴቴ ሦስት ጊዜ ነው ያስጠነቀቁኝ፣ አንዴ ደርሶባቸው ይሆናል።

ኅዳር 22

በቀን ሁለቴ በእንጨት ማንኪያ አማስላለሁ። የእንስራው በጣም ይፈላል። የጠርሙሱ ፊኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ኅዳር 26

ጌሾው ወጣ። ስምንት ቀን ቆየ። እቴቴ በሞቃት ወቅት አምስት ቀን ይበቃል፣ በዚህ ብርድ ግን ስምንት ይሁን ብለው ነበር። ቀምሼ ተፋሁ። ምሬቱ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ጉሮሮ ላይ። የማሩ ጣፋጭነት አሁንም ከፊት አለ። ገና ጉሽ ነው፣ ቀለሙ የደፈረሰ የብርቱካን ጭማቂ ይመስላል።

ኅዳር 28

መጥፎ ቀን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን ሌላ ሰው እንዳይደግመው በዝርዝር ልጽፈው።

ትናንት ማታ ከጠርሙሱ ጠጅ ለአንድ ጓደኛዬ ላሳየው ብዬ ግማሽ ሊትር ቀዳሁ። ባዶ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼ፣ ብርሌዎቹ የሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ ተውኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፈነዳ። ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ስብርባሪው እስከ መስኮቱ ሄዷል። ቀን ቢሆን፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ቢሆን፣ ዓይን ነበር የሚያጠፋው።

እየፈላ ያለ ጠጅ ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ይሰብራል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለዚህ፦ መፍላቱ ሙሉ በሙሉ ሳያቆም መስታወት ውስጥ አትዝጉ። መያዝ የግድ ከሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሁን፣ ክዳኑ ላላ ይበል፣ ጎኑን በእጅ እየተጫኑ ይዩት፤ ከጠነከረ ያስተንፍሱት።

ከእቴቴ ስድስት ብርሌዎች አንዷ አንገቷ ላይ ተሰነጠቀች። ከእናታቸው የወረሷት ናት። አገላብጠው አዩዋትና "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ብለው በወረቀት ጠቀለሏት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ የድስት ሙከራ

ጾም ስለሆነ ዶሮ የለም። ግን ጠጁና ብራንዲው በቁሌት ላይ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ዶሮ አያስፈልግም። ምስር ወጥ ይበቃል።

አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ ያለ ዘይት 45 ደቂቃ አቁላላሁ። ከዚያ ዘይትና በርበሬ ጨምሬ በሦስት ትንንሽ ድስት ከፈልኩት። በርበሬው እንዳይያዝ ጠብ የሚደረገው ነገር ብቻ ነው የሚለያየው። አንደኛው ውሃ። ሁለተኛው ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ጠጅ። ሦስተኛው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተራ ብራንዲ፣ የቀረው ውሃ። ብራንዲ ከወይን ጠጅ ተነጥሮ የሚወጣ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ 40 በመቶ አልኮል አለው፣ ጠጅ ግን ከ7 እስከ 11 በመቶ ቢሆን ነው። እኩል መጠን መጨመር አይቻልም።

ብራንዲውን ከመጨመሬ በፊት ጋዙን አጠፋሁ። ጠርሙሱን እሳት አጠገብ ይዞ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ እሳቱ በእንፋሎቱ ተከትሎ ወደ እጅ ይመጣል። በማንኪያ ለክቶ፣ ጠርሙሱን ዘግቶ አርቆ፣ ከዚያ።

ውጤቱ። የውሃው ድስት ጥሩ ቁሌት ነው፣ ሁላችንም የምናውቀው። የጠጁ ድስት ግን በርበሬው ለስልሷል፣ የሚያቃጥለው አልቀነሰም፣ ጥርሱ ነው የቀነሰው፤ ማሩና ሽንኩርቱ አንድ ላይ ገጥመዋል፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ጣፋጩን ይዞታል። የብራንዲው ድስት ጠረን ከሁሉ በለጠ። ክዳኑን ስከፍት ኮረሪማውና ነጭ ሽንኩርቱ ለየብቻቸው መጡልኝ። አልኮል በውሃም በዘይትም የሚሟሟውን ጠረን ይዞ ይወጣል፣ ስለዚህ ነው። ስቀምሰው ግን ደረቅ ነው። ወይን ወይን የሚል ነገር ከኋላ አለው፣ ለቀይ ሥጋ ጥብስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለዶሮ ወጥ ጠጁ ነው። ክርክር የለውም።

ወንድሜ ያመጣውን ኮኛክ አልነካሁትም። ጠርሙሱ ላይ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ይላል፣ ቢያንስ አራት ዓመት በእንጨት በርሜል የቆየ ማለት ነው። ኮኛክ የሚባለው ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ኮኛክ ከሚባለው አካባቢ የመጣው ብቻ ነው፣ እኛ ብራንዲውን ሁሉ ኮኛክ ብንለውም። ያንን ያህል ዓመት የተጠበቀ ነገር በርበሬ ውስጥ መክተት ግፍ ነው። እሱ ከምግብ በኋላ፣ በትንሹ፣ ቀስ ተብሎ ይጠጣል።

ታኅሣሥ 4

ትናንት እህቴ ምስሩን ልትበላ ስትል "አልኮሉ ይተናል አይደል?" አለችኝ። ነፍሰ ጡር ናት። "አዎ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ተውኩት፣ አጣራሁ። እውነት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ያወጣው ሠንጠረዥ አለ። አልኮል የተቀላቀለበት ምግብ 15 ደቂቃ ሲበስል ከገባው አልኮል 40 በመቶው ይቀራል። በግማሽ ሰዓት 35፣ በአንድ ሰዓት 25፣ በሁለት ሰዓት 10፣ በሁለት ሰዓት ተኩል 5 በመቶ። እሳት ለኩሰው የሚያነዱት ደግሞ፣ ያ ሁሉ ነበልባል ታይቶ፣ 75 በመቶው እዚያው ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ ግን ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ውሃው ይዞ ያስቀረዋል።

ስለዚህ ለገና ሁለት ድስት ይሠራል። አንዱ ያለ ጠጅ፣ ለእህቴ፣ ለልጆቹ፣ እና መጠጥ ካቆመ ሦስት ዓመት ለሆነው ለአጎቴ ልጅ። ለሱ ጠብታም ቢሆን ሳይነገረው መግባት የለበትም። እንግዳ የሚጠራ ሰው ወጡ ውስጥ ምን እንዳለ መናገር አለበት፣ ይሄ ላይ ቀልድ የለም።

ታኅሣሥ 8

ለኬክ የሚሆን 250 ግራም ዘቢብ አጥቤ አድርቄ፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ነጩን ሳይነካ በስሱ ልጬ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ተራ ብራንዲ ዘፈዘፍኩ። በየቀኑ ማገላበጥ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ማጥለል

ጩኸቱ ቆሟል። ጆሮዬን አስጠግቼ ቆየሁ፣ ጸጥ ያለ ነው። ፊኛው ወድቋል።

የእንስራውን በድርብ ነጠላ አጠለልኩት። ቀስ ብዬ ከላይ ከላይ በመቅጃ እየቀዳሁ፣ እታች ያለውን አምቡላ ሳልነካ። እጄ ስትቸኩል እቴቴ በበትራቸው ወለሉን ኳ ያደርጋሉ። 10 ሊትር ተኩል ገደማ ወጣ። ቀለሙ አሁን የጠራ ባይሆንም ወርቅ ወርቅ ይላል። የጠርሙሱ ይበልጥ ጠርቷል፣ ይበልጥም ገርጥቷል።

ጎን ለጎን ቀምሼ ተፋሁ። የእቴቴ ልኬት ከባድ ነው፣ ማሩ አላለቀም፣ አልኮሉ ከጣፋጩ ስር ተደብቋል፣ ወይራው አለ። የኪሎው ልኬት ደረቅ ነው፣ ማሩ ከሞላ ጎደል ወደ አልኮል ተለውጧል፣ ስለታም ነው፣ ጭስ የለውም። ጠጅ ቤት ገብቶ "ደረቅ ስጠኝ" ለሚል ሰው ይሄኛው ይስማማዋል። ሁለቱም ጠጅ ናቸው። ግን አንዱ ብቻ ነው የኛ ቤት ጠጅ፣ አሁን ምክንያቱን በቁጥር አውቀዋለሁ፦ በጣሳ እንጂ በኪሎ አይደለም፣ 210 ግራም ጌሾ ለ12 ሊትር፣ 20 ደቂቃ ወይራ።

እንስራውን አጥቤ እንደገና አጥኜ መለስኩት። ይጥራ።

ታኅሣሥ 21

ትንሽ ፈራሁ። ላይ ላይ ስስ ነጭ ነገር የያዘ መሰለኝ። እቴቴ አሸተቱ፣ እንደገና አሸተቱ። "አየር ገብቶታል፣ ገና አልኮመጠጠም" አሉ። ነጩን ገፈፍኩ፣ ጠጁን ወደ ትንንሽ የፕላስቲክ ጀሪካኖች እስከ አፋቸው ሞልቼ ገለበጥኩ፣ ባዶ ቦታ እንዳይኖር። ክዳናቸውን ላላ አድርጌዋለሁ። በየቀኑ ጎናቸውን እጫናለሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ዋዜማ

ሦስት ኪሎ ሽንኩርት። ከእናቴ ጋር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን ከተፍን። ዓይን የለኝም።

ያለ ቅቤ አንድ ሰዓት ተኩል ተቁላላ፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገ። ከዚያ ቅቤው፣ ከዚያ በርበሬው። እዚህ ላይ ለሁለት ድስት ከፈልነው። ትልቁ ድስት ላይ ጠጁን ጀመርኩ። እቴቴ ወንበራቸውን ምድጃው አጠገብ አስጠግተዋል። በርበሬው ድስቱን መያዝ ሲጀምርና ድምፁ ከ"ጥፍ ጥፍ" ወደ "ጭስስ" ሲለወጥ "አሁን" ይላሉ። ጥቂት ጠጅ ጠብ አደርጋለሁ። ጭስስ ይላል፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ይመጣል፣ ማርና በርበሬ አንድ ላይ። አማስላለሁ። ቅቤው ከዳር ዳር ሲወጣ "አሁን"። እንደገና። ስምንት ጊዜ "አሁን" ብለዋል፣ ቆጥሬያለሁ፣ በ50 ደቂቃ ውስጥ። በጠቅላላው 400 ሚሊ ሊትር። ዶሮው ከገባ በኋላ ጠጅ አይጨመርም፣ የዘገየ ጠጅ ወጡን ጥሬ ጥሬ ያሰኘዋል።

12 ብልት፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ የነጣ። እንቁላሉ። መጨረሻ ላይ መከለሻው።

ይሄን ሁሉ ስንሠራ ማንም አልቀመሰም። ጾም ነው። ጨው እንኳ በዓይንና በአፍንጫ ነው የገባው። ከዚህ በፊት ይሄ አስደንቆኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን እቴቴ ክዳኑን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ "ትንሽ ጨው" ሲሉ ሳይ ቆሜ ቀረሁ።

ዘቢቡን ማታ ኬኩ ውስጥ ከተትኩት። አብጧል፣ ብራንዲውን ሁሉ ጠጥቶታል። ኬኩ ለአዋቂ ብቻ ነው፣ ሳህኑ ላይ ጽፌበታለሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ለልጆቹ፣ ለእህቴና ለአጎቴ ልጅ ጠዋት ብርዝ በረዝኩ፣ ከተረፈው ማር፣ ዛሬውኑ ተበርዞ ዛሬውኑ የሚያልቅ። ብርዝ ካደረ መነሳት ይጀምራል፣ ስለዚህ ለማይጠጣ ሰው የትናንት ብርዝ አይቀዳም። ቢጫ ነው፣ ብርሌ ውስጥ ሲቀዳ ከጠጁ አይለይም። የአጎቴ ልጅ ብርሌውን አንስቶ እንደ ሁላችንም "እንኳን አደረሳችሁ" አለ።

ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ቀረቡ። ያለ ጠጅ የተሠራውም ጥሩ ነበር፣ እህቴ ሁለቴ አስጨምራለች። የጠጁ ግን የእቴቴ ዶሮ ወጥ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሳቸው አጎረሰች። አላመጡ፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ ጠጅ ቅዳልኝ አሉ። ቀዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ ጎንጨት አሉ። ጾሙን ሁሉ በአፍንጫ ሲጠብቁት የቆዩት ጠጅ ነው።

"ጌሾው በአንድ ቀን በዝቷል" አሉ። "ሰባት ቀን ይበቃው ነበር።"

ጻፍኩት።

ማታ እንግዳው ሲሄድ ኮኛኩን ከፈትን። ወንድሜ፣ እኔና እናቴ፣ በሻይ ብርጭቆ ከታች ጣት የማይሞላ። ብርጭቆውን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ፣ ማሽተት፣ ከዚያ ትንሽ ማርጠብ። እናቴ ከኬኩ ቆርሳ በሱ አወራረደችው። ዘቢቡና ኮኛኩ ተዋወቁ፣ ሁለቱም ከወይን ናቸውና።

ጥር 2

አንድ ጀሪካን ጠጅ ቀርቷል፣ ሁለት ሊትር ተኩል። ለጥምቀት ይቆይ ተብሏል። ጎኑን ተጫንኩት፣ ለስላሳ ነው።

የተሰነጠቀችውን ብርሌ እቴቴ ከወረቀቱ አውጥተው ሰጡኝ። ጠጅ አትይዝም። ጌሾ የምለካበትን 210 ግራም እንጨት ከትቼባት መስኮቱ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ለፋሲካ ስንጥል ከዚያ እንጀምራለን፣ በሰባት ቀን።